እናቴ ስለ ድዴ የማለችው መሐላ

እናቴ ከወሎ ወደ ካርቱም ስትመጣ ይዛው የመጣችው ሀብት ሁሉ አፏ ውስጥ ነበር። በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች፤ ስትስቅ ከነጩ ጥርሷ በላይ ጥቁር ድዷ ብቅ ይላል። ቡሪ ሰፈር ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራበት ቤት እመቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር “አንቺ፣ እስቲ ሳቂላቸው” ትላት ነበር። እናቴም አትቆጣም፤ ትስቅላቸዋለች። እኔ ግን እበሽቅ ነበር። እናቴ ቴሌቪዥን ናት እንዴ?

እኔ እዚያው ካርቱም የተወለድኩ ነኝ። በዘጠናዎቹ ዓመታት እናቴ በአማርኛ ስታናግረኝ በዐረብኛ የምመልስላት፣ ከኪሴ ከረሜላ የማይጠፋ የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። አንድ ሰሞን ድዴ መድማት ጀመረ። ዳቦ ስገምጥ ዳቦው ላይ ደም ይቀራል። እናቴ አይታ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደስ ያላት መሰለኝ።

“መድኃኒቱማ ይታወቃል፤ መነቀስ ነው። ድድ ያጠነክራል” አለች።

ነቃሿ ማዮ የሚባለው ሰፈር የምትኖር ያገሯ ልጅ ነበረች። አውቃታለሁ። ልብስ ስትሰፋ መርፌው ላይ ክር ለማስገባት “ነይ እስቲ፣ አንቺ ዓይን ያለሽ” ብላ እኔን የምትጠራ ሴት ናት። እንግዲህ ይቺ ሴት ናት ድዴን በመርፌ የምትወጋው! እናቴ ዓርብ ከሥራ ስለምታርፍ ለዓርብ ተቀጣጠሩ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ደግነቱ በዚያው ሳምንት ከመንግሥት ጤና ጣቢያ የጥርስ ሐኪም ትምህርት ቤታችን መጣች። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ነጭ ጋዋኗ የሰፋት ልጅ እግር ሴት ናት። ተሰልፈን አፋችንን ከፈትንላት። ድዴን አየችና “ነገ ከእናትሽ ጋር ጤና ጣቢያ ነይ፤ በነፃ ነው” አለችኝ። ዘልዬ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ እናቴ እያጉረመረመች ወሰደችኝ። ጤና ጣቢያው ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ አጠገብ ነበር። ዶክቶራዋ ስለኔ ድድ ማስረዳት ስትጀምር እናቴ በትሕትና ፈገግ አለች። ዶክቶራዋ ንግግሯን አቋረጠች።

“ያ ኡሚ፣ እናትዬ፣ ይሄ ነገር ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?”

“ከልጅነቴ ጀምሮ አለ፣ አልሐምዱሊላህ።”

“ያምሻል?”

“ያኔማ አሞኝ ነበር። አሁን ያምርብኛል።”

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ከጎን ካለው ክፍል ሁለት ባልደረቦቿን ጠራች። አንዱ ባትሪ፣ ሌላዋ መስታወት ይዘው ሦስቱም እናቴ አፍ ላይ ተደፉ። እናቴ ውበቷን ሊያደንቁ የተጠራሩ ስለመሰላት ይበልጥ ከፈተችላቸው። ታማሚዋ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

“ንቅሳት እኮ ነው!” አልኩ በመጨረሻ ተናድጄ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሐኪሟ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። “የኔም ሐቦባ ከንፈሯን ተነቅሳለች፤ አያቴ ፊቴ እያለች እንዴት አይገባኝም!” አለች። እናቴ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም፤ ለኔም ዓርብ እንደተቀጠረልኝ ነገረቻት። ያኔ ሐኪሟ ኮስተር ብላ የእናቴን ጥርሶች አንድ በአንድ መረመረች። የተበላ ጥርስ አላገኘችም።

“በምንድን ነው የምታጸጂው?”

“በመፋቂያ። ብሩሽ የሚባል አፌ ገብቶ አያውቅም።”

“እንግዲያው የጠቀመሽ መፋቂያው ነው፤ መርፌው አይደለም። የልጅቷ ድድ የሚደማው ስለማታጸዳው ነው። ጠዋትና ማታ ቀስ ብላ ትቦርሽ። አንድ ወር ታገሺኝ። ደሙ ካቆመ መርፌ የለም። በአላህ ማይልኝ።”

እናቴ አየችኝ፤ ሐኪሟንም አየቻት። “ወላሂ” አለች።

እናቴ ወላሂ ካለች ነገሩ አለቀ። የቀረው የኔ ሥራ ነበር። በተሰጠኝ ብሩሽ፣ መርፌውን እያሰብኩ፣ ድዴን ባለ በሌለ ኃይሌ ፈተግኩት። ደሙ ባሰበት። እናቴ ዝም ብላ ብታየኝ ኖሮ ወሩ ሲያልቅ ቀጥታ ወደ ማዮ ነበር። እሷ ግን መታገሥ አልቻለችም።

“ድድ ነው እንጂ የድስት ቂጥ አይደለም! ወዲህ በይ!” ብላ ብሩሹን ቀማችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት እመቤቲቱ ሳትነሳ፣ ማታ ደግሞ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ፣ አገጬን ይዛ ራሷ ትቦርሽልኝ ነበር፤ ቀስ አድርጋ፣ እየተቆጣችኝ።

ወሩ ሲሞላ ሐኪሟ ድዴን ጫን ጫን አድርጋ አየችው። ደም የለም። አጨበጨበችልኝ፤ እኔም ከወንበሩ ዘልዬ ወረድኩ። እናቴ “ሹክረን” ብላ እጄን ይዛ ወጣች። ሐፍላ የምንለው ሚኒባስ ውስጥ ስንቀመጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

“ደስ አላለሽም?” አልኳት በዐረብኛ።

“ለድድሽማ ደስ ብሎኛል” አለች። “ብቻ እኔን እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ። እሷንም እናቷ። አንቺ ነገ አገር ቤት ብትሄጂ የኔ ልጅ መሆንሽ በምን ይታወቃል? አማርኛውን እንኳ አትመልሽልኝም።”

ያን ሁሉ ጊዜ ስሸሸው የኖርኩትን መርፌ ረሳሁትና በተሰባበረ አማርኛዬ “እሺ፣ ማዮ እንሂድ። ልነቀስ” አልኳት።

“ወላሂ ብያለሁ እኮ! እሳት ልታስገቢኝ ነው?” ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ከዚያ አሰብ አደረገችና “ይልቅ ጥርሶችሽን በምላስሽ እየነካሽ ቁጠሪልኝ። በአማርኛ” አለችኝ።

አንድ፣ ሁለት ብዬ ጀመርኩ። ከአሥር በኋላ ያለው ጠፋኝና ወደ ዐረብኛው ዞርኩ። “አሥራ አንድ!” አለች ጮክ ብላ። “ያላ፣ እንደገና ከአንድ!” ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ያን ቀን አላፈርኩም። ቡሪ ስንደርስ ገና የታችኞቹን ስላልጨረስኩ እናቴ “ተቀመጪ፣ ቁጠሪ” አለችኝና መውረጃችንን አልፈን ሄድን።