ሌባ ፍለጋ ማንኩሳ

ፊልም ሠሪዎች ለአንድ የድሮ ዘመን የወንጀል ድራማ ተዋንያንና መቅረጫ ቦታ ሊመርጡ ወደ ማንኩሳ ሲሄዱ፣ ለዘገባ አብሬ ሄድኩ። የሚፈልጉት የአውጫጭኝ ትዕይንት ነው፤ ድሮ ከብት ሲሰረቅ የአገሬው ሰው ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

አዘጋጁ ከተሰበሰቡት ገበሬዎች መካከል አያ ሙላት የሚባሉ ድምፀ መረዋ ሽማግሌ አውጫጭኙን እንዲመሩ መረጠ።

«እስቲ ለሙከራ፣ አንድ በቅሎ ጠፋ እንበል» አላቸው።

«በቅሎ አልጠፋም። የጠፋው እማማ ጥሩ ለልጃቸው ሰርግ የቀለቡት ሙክት ነው» አሉና ሰዉን አንድ በአንድ እያስነሱ ያፋጥጡ ጀመር።

አዘጋጁ ፈነደቀ። «እንዲህ ያለ ተዋናይ አዲስ አበባም የለም!» እያለ ሁሉንም አስቀረጸ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ቸኮለ።

«ይበቃል አባባ፣ አልፈዋል።»

«አለፈ የሚባለው የሞተ ሰው ነው፤ እኔ አለሁ። ሙክቱ ሳይገኝ ማንም አይነሳም፤ እናንተም ብትሆኑ!»

ሁለት ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው መኪናችን ፊት ተቀመጡ። ካሜራ ማናችን ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ የለም። እማማ ጥሩማ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀዋል።

አዘጋጁ ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ ወደ ቀረው ሥራ ተመለሰ። ሌባውን ሆኖ የሚጫወት ሰው ገና አላገኘም ነበር። ፊቶቹን ሲቃኝ ቆየና ከኋላ ወደተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ጣቱን ቀሰረ።

«አገኘሁት! ሌባው አንተ ነህ!»

ጎልማሳው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለና ወደ እማማ ጥሩ ዞረ።

«ቡሬ፣ እህቴ ቤት ታስሯል። በሥላሴ፣ ገና አላረድሁትም!»