ከሦስተኛው ረድፍ የሚሰማ ጊታር

የመዝሙር ቡድናችን መሪ አንድ ቅዳሜ ልምምድ እንዳለቀ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት?" ሲለኝ ያኔውኑ ገባኝ። ሰው "ላማክርዎት" ካለ ወስኖ ጨርሷል ማለት ነው። ልጁ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ትሑት ነው፤ ኪቦርድ ሲጫወት ደግሞ ጣቶቹ አይታዩም። ይሄ ሁሉ የበለጠ ያናድደኛል።

"ጊታሩ እዝዝ ይላል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለኮንፈረንሱ ከባቱም፣ ከአርሲ ነገሌም፣ ከሻሸመኔም እንግዶች ይመጣሉ። ኪቦርዱ ውስጥ ደግሞ የጊታር ድምፅ አለ። እርስዎን ከአስተናጋጆች ጋር ብናደርግዎትስ? ግርማ ሞገስ አለዎት እኮ።"

ግርማ ሞገስ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ አዳማ፣ እዚያው መድረክ ላይ፣ ከከበሮው በስተግራ ቆሜ ጊታር የመታሁ ሰውዬ፣ ደረቴ ላይ ሪባን ለጥፌ "በዚህ በኩል፣ እዚያ ጋ ቦታ አለ" ልል ነው። ደሜ ፈላ። "አንድ ወር ስጠኝ" አልኩት። "እዝዝታውን ካላጠፋሁ ራሴ ሄጄ ሪባኑን እለጥፋለሁ።" የደነገጥኩት ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ከእኔ ብሳ ተናደደች። "ምን ሆነው ነው? ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማህ የለም እንዴ? ግሩም ነው!" አለች። እውነቷን ነው፤ በየእሁዱ ከቸርች ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "ዛሬ ጊታርህ ግሩም ነበር" ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። ለአሥራ አንድ ዓመት የተጫወትኩት ለእግዚአብሔር ነው፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ለዚያች ለባጃጇ ቃልም ነበር።

ችግሩ ያለው ፒክአፑ ላይ ነው። መኪናውን አይደለም የምለው። የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮቹ ሥር አንዲት ጠባብ ነገር አለችው፤ ውስጧ ማግኔት፣ ማግኔቱ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የክሩን ንዝረት ሰምታ ለማጉያው የምታቀብለው እሷ ናት። የእኔዋ ክሩን ትሰማለች፣ ግን የአዳራሹን አምፖልም ትሰማለች፣ የቬንትሌተሩንም ሞተር ትሰማለች። የሰማችውን ሁሉ ደግሞ ሳትመርጥ ታወራለች። መድኃኒቱ አውጥቶ በሌላ መቀየር ነው።

ምርጫው ውስጥ ገባሁና ጠፋሁ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ማግኔት ለእኔ ባዳ አይደለም። ስልኬ ላይ ያሉት የፒክአፕ አዋቂዎች ግን የሚያወሩት ሌላ ነገር ነው። አንዱ ድምፁ "ሞቅ ያለ" ነው፣ አንዱ "ክሬም ክሬም ይላል"፣ አንዱ "ወፈር ብሎ ጫፉ ላይ ማር አለው"። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች የምታዳምጠኝ ባለቤቴ "የሚጫወቱበት ነው የሚበላ?" አለችኝ።

"ጆሮሽ ጥሩ ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ምረጪልኝ" አልኳት። አምስት ዓይነት ፒክአፕ የሚያወዳድር ቪዲዮ ከፈትኩላት። ሁለቱን "ያው ነው" አለች። ሦስተኛውን "ያው ነው" አለች። አራተኛው ላይ ቢላዋውን አስቀምጣ "እህ! ይሄ ደስ ይላል፣ ይሄን ግዛ" አለች። ቪዲዮው መሃል የገባ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን ያለውን ዓይነት መረጥኩ። አንዱ ጥምጥም የሌላውን እዝዝታ ያጠፋዋል። የሥራ ባልደረባዬ እህት ከዱባይ ልትመጣ ስለነበር በወረቀት ጽፌ፣ ሥዕል ስዬ ሰጠሁት፤ እሱ በስልክ አነበበላት፤ እሷ ለሱቁ ሰው አስረዳች። ጥቅሉን በጉጉት ስከፍተው አራት ማግኔት ያላት የቤዝ ጊታር ፒክአፕ ወጣች፤ ያውም ባለ አንድ ጥምጥም። የእኔ ጊታር ስድስት ክር ነው። የቀሩት ሁለት ክሮች ተራ ይጠብቁ?

"ለምን እኚያ የፓምፕ ሞተር የሚጠመጥሙት ሰውዬ ጋ አትወስደውም?" አለች ባለቤቴ። "ያም ሽቦ፣ ይሄም ሽቦ።" ሳቅኩባት። ይሄ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፣ የመቂ ሽንኩርት ማጠጫ አይደለም አልኳት። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ሁለቱንም ፒክአፕ በፌስታል ይዤ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ወዳለችው ሱቃቸው ሄድኩ።

ሽማግሌው ፒክአፗን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና "ስንት ኢንች ነው የሚስበው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ውሃ አይስብም። ድምፅ ነው የሚስበው።"

አልሳቁም። እዝዝታውን ነገርኳቸው፤ ገና ሳልጨርስ "ይሄማ የመብራቱ ነው" አሉ። "አንዱን በቀኝ ጠምጥመህ ሌላውን በግራ ካዞርከው ይጠፋፋሉ። አስተማሪ ነኝ አላልክም እንዴ?" ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ነገር በአንድ እጃቸው የተቃጠለ ዲናሞ እየፈቱ ነገሩኝ። ድሮ ሬዲዮ ሲጠግኑ የተረፈች ቀጭን ሽቦ ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ከሁለቱ ፒክአፖች አንድ ባለ ሁለት ጥምጥም እንሠራለን፣ ክሩን የድሮዋ ትሰማለች፣ የቤዟ እዝዝታውን ታጠፋለች አሉ። ግን ሁለቱ ጥምጥሞች ዙራቸው እኩል መሆን አለበት። ስድስት ሺህ፣ ስድስት ሺህ።

ማሽናቸው በእጅ የሚዞር ነው፣ ቆጣሪ የለውም። በኦሮምኛ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ጀመሩ። አራት መቶ ላይ አንድ ሰው በበሩ አለፈ።

"አካም ጂርቱ?"

ሽማግሌው እጃቸውን አቁመው ቀና አሉ። ነጋዳ? ማቲን ነጋዳ? ሰላም ነው፣ ቤተሰቡስ፣ ልጆቹስ፣ ላሟስ፣ ያ ጉልበትህስ ተሻለህ? ሰውየው መልሶ እሳቸውን ጠየቀ፤ ከብቱ ሳይቀር። ሲሄድ "ስንት ደርሼ ነበር?" አሉኝ። እኔም ከብቱን ሳዳምጥ ጠፍቶኛል። ፈትተው ከዜሮ ጀመሩ። በዚያ ቀን ከሺህ ያለፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የባጃጅ ሹፌሮቹ በጅምላ ሰላም ሲሉን አጣነው።

በማግስቱ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በሩ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩና ሰላምታውን እኔ መቀበል ጀመርኩ። "ደህና ናቸው፣ እየቆጠሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ይሄን የመሰለ ጅል ሐሳብ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። የሰፈሩ ሰው አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል፤ አቀርቅረው ያጉተመትማሉ፣ ቀና አይሉም። አንዲት ሴትዮ "አመማቸው እንዴ?" ብላ እየተጣደፈች ሄደች። ከሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ፊታቸውን ቋጥረው መጡ፤ "እግዜር ያጽናዎት" ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ማን እንደሞተ ግን ሁለቱም አያውቁም ነበር።

ጠምጣሚው ማሽኑን ገፋ አደረጉ። "በቃ!" አሉ። "ሰው ሰላም እያለኝ አቀርቅሬ የምሠራው ሥራ ይቅርብኝ።" ጊታሬ አበቃለት አልኩ። እሳቸው ግን ጎረቤት ያለው ወርቅ ሠሪ ጋ ልከው ሚዛኑን አስመጡኝ። ከሽቦው ሁለት እኩል እኩል መዝነው ለዩ። "እስኪያልቅ መጠምጠም ነው። እኩል ሽቦ ከገባባቸው እኩል ዞረዋል። ምን ያስቆጥረኛል?" እኔ ፊዚክስ አስተማሪው አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን እየጠመጠሙ፣ ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ እስከ ከብቱ እየጠየቁ ሠሩት። ሊያጽናኑ የመጡት ሽማግሌዎችም እስኪያልቅ አልሄዱም።

ቤት ወስጄ ገጠምኩት። ማጉያውን ስከፍተው ፀጥ አለ። "ተበላሸ እንዴ?" አለች ባለቤቴ ከጓዳ። አንድ ጊዜ ክሮቹን ሳብ አደረግኳቸው። ድምፁ ክሬምም ማርም አልነበረም፤ ንጹሕ ነበር፣ የራሴ ነበር። ልናገረው፣ እንባዬ መጣ።

ከኮንፈረንሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልምምድ ላይ መታሁት። የቡድኑ መሪ ዞሮ አየኝና "ጋሼ!" ብቻ አለ። የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ የሚቀመጠው ጓደኛዬም ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። ብዙ ዘመን አብረን ምሳ የበላን ሰው ነው። ከደስታው ብዛት እንዲህ አለ፦

"በቃ፣ አሁን እንከፍተዋለን!"

"ምኑን?" አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። መሪው ወለሉን ያይ ጀመር። ከማጉያዬ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው የሚሄደውን ገመድ ተከትዬ ሄድኩ፤ ምንጣፉ ሥር ይገባል፣ እዚያው ያበቃል። ምንም ላይ አልተሰካም። እዝዝታው ሰው እንዳይረብሽ ብለው መስመሬን ስብከቱን ወደ ኦሮምኛ ለሚመልሰው ተርጓሚ ሰጥተውታል። ከተሰጠ ሁለት ዓመቱ። እኔ ከኋላዬ ካለችው ከራሴ ትንሽ ማጉያ ራሴን እየሰማሁ፣ መድረኩ ላይ የቆሙት ደግሞ እዝዝታዋን እየሰሙ፣ ጉባኤው ሁሉ የሚሰማኝ መስሎኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመጋረጃው ተጫውቻለሁ።

የተናደድኩት በእነሱ አልነበረም። ያቃጠለኝ የባጃጇ ቃል ነው። "ግሩም ነበር።" ምኑ ነው ግሩም? ሁለት ዓመት ምን ሰምታ ነው? ቤት ገብቼ ምንም አልነገርኳትም። ስትዋሸኝ ኖራለች ብዬ እራቴን እንኳ በወጉ አልበላሁም።

በኮንፈረንሱ ዕለት መስመሩን ተካፈልን፤ ሲዘመር የእኔ፣ ሲሰበክ የተርጓሚው። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቷል። ጊታሬ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ወጣ። እያንዳንዷን ኖታ ሰው ሁሉ ይሰማታል። ጥርሴን ነክሼ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያየሁ፣ ሳልሳሳት ጨረስኩ። መሪው ጨብጦኝ "ሪባኑን ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል" አለኝ።

ባጃጅ ውስጥ ገባን። ጠበቅኩ። መብራቱን አለፍን፣ ዝም። ገበያውን አለፍን።

"ዛሬ ምን ሆነህ ነው?" አለች። "እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።"

ሳቄ አመለጠኝ። የተናደድኩትንም፣ ምንጣፉንም፣ ተርጓሚውንም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። "እስቲ ንገሪኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሰምተሽ ነው ግሩም የምትዪኝ?"

አሰበች። አላፈረችም፣ አልደነገጠችም። "እኔ እኮ ጊታር ከኪቦርድ ለይቼ አላውቅም" አለች። "ፊትህን ነው የማየው። ስትጫወት ደስ ሲልህ አያለሁ፤ ግሩም ነው ማለት ነው እላለሁ። ዛሬ ግን ጥርሱን የሚያስነቅሉት ሰው መስለህ ነበር።"

በቀጣዩ እሁድ መዝሙሩ መሃል ቀና ብዬ ሦስተኛውን ረድፍ አየሁ። እያየችኝ ነው። ሳላስበው ሳቅኩላት፤ ጣቴ ሳተ። ያችን የተሳሳተች ኖታ አዳራሹ በሙሉ ሰማት፤ መሪው ዞረ፣ ጓደኛዬ ከመቆጣጠሪያው ላይ ራሱን ያዘ። ባጃጅ ውስጥ ገና በሩ ሳይዘጋ እጄን ያዘችኝ።

"ዛሬ ግሩም ነበር" አለችኝ።