አይቼ «ንፁህ ነው» ያልኳት መስመር

ይሄን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ጋ ሁለት ጊዜ ጀምሬው ነበር። ግን ኃጢአቴን ከመናገሬ በፊት ሚሞሪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ሚሞሪ ስል ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ስልካቸው ሚሞሪ ሞልቶ አላሠራ ብሏቸው ኖሮ «እስቲ እሱን ነገር አጥፋልኝ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። አጠፋሁላቸው። ባርከውኝ ወጣሁ። የሳቸው ስልክ ቀለለው፣ እኔ እንደተሸከምኩ ቀረሁ።

ስለዚህ ዛሬ የንስሐ አባቴ እናንተ ናችሁ። ስትሰሙኝ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔ ሰው ሳላስቅ ማውራት አልችልበትም። ግን ሳቃችሁ ይቅርታ አይሁንብኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ካልተናገርኩ ያመኛል። ታምራት እባላለሁ። አዳማ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ዲግሪ የለኝም። የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ደግሞ ከኢንተርኔት ቤት ፕሪንት ካስደረግኩት ወረቀት፣ ወረቀቱ በላቤ እስኪላላጥ ድረስ እያነበብኩ። ዛሬ ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጥፍር በምታክል ቺፕ ላይ፣ እንደኔ አድርጎ የሚጽፍ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ካለ ይምጣና እጁን ልጨብጠው። እስካሁን አልመጣም። አንድ ሰው ነበር። እሱን ደግሞ እኔው ራሴ ከሥራው አስወጣሁት።

ገመቹ ይባላል። የደራ ልጅ ነው፣ እኩያዬ። የዛሬ ስንት ዓመት የተቃጠለ አምፕሊፋየር ይዞ ሱቄ ገባ፣ ቁጭ ብሎ ስሠራ አየኝ፣ በማግስቱም መጣ፣ ከዚያ እዚያው ቀረ። ካውያ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን መስመር ኮድ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን በየድግሱ ስለማወራው አዳማ ውስጥ የማያውቅ የለም። የማላወራው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በለጠኝ። ዝም ብሎ፣ ሳይፎክር፣ በቀልዴ እየሳቀ በለጠኝ። የሚያናድድ ሰው ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር። እንዳልጠላው ደግሞ ጥሩ ሰው ሆነብኝ!

ሰው ሱቄ ይገባል። በሩ ላይ ስሜ ተጽፏል፣ ታምራት ይላል፣ በቀይ ቀለም። ገብቶ ያየኝና «ገመቹ የለም?» ይላል። አንድ ቀን ቤቴ ፍሪጁ ቆመ። ፈታሁት። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ «ለገመቹ ለምን አትደውልለትም?» አለችኝ። የራሴ ቤት፣ የራሴ ፍሪጅ፣ የራሴ ሚስት! ፍሪጁን ጠገንኩት። አንጀቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተቃጠለ ነው።

ያኔ የምንሠራው ሳጥን ነበር። ባቱ ውስጥ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬዎች ማህበር ከሐይቁ ውሃ በቦይ አምጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ፓምፑ ከጉድጓዱ እየሳበ ማሳውን ያጠጣል። የኛ ሳጥን ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ መኖሩን ከሴንሰሩ ያነባል፤ ካለ ፓምፑን ያስነሳል፣ ከሌለ ያጠፋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑና ሴንሰሩ ይቆማሉ፣ ሳጥኑ ግን በትንሽ ባትሪ ነቅቶ ይቆያል። ባዶ ጉድጓድ ላይ የሚሽከረከር ፓምፕ ሞተሩ ይቃጠላል። የማህበሩ ሰብሳቢ ኦቦ ቱሉ፣ ሳጥኑ ከሠራ በሐይቁ ዙሪያ ላሉት ፓምፖች ሁሉ ከሁለታችን አንዱን ኃላፊ እንደሚያደርጉ ነግረውናል። ከሁለታችን አንዱን። ገባችሁ አይደል?

አሁን ትንሽ ታገሱኝ፣ ኃጢአቴ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አንድ ሰው መንገድ ሲጠቁማችሁ «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ይላችኋል። ሰውየው ቤት ቢለቅ ጥቆማው አብሮት አይቀየርም። ሄዳችሁ ሰማያዊውን በር ስታንኳኩ ሌላ ተከራይ ይከፍታል። ሚሞሪ ውስጥም እንዲሁ ነው። ውሃውን የሚያነበው የፕሮግራሙ ክፍል፣ አንባቢው እንበለው፣ በውስጡ ከሴንሰር የመጣውን ይይዛል፤ እዚያው ውስጥ ደግሞ «እስከዚህ አንብቤያለሁ» የሚል ጥቆማ አለው። ጥቆማው የሚያመለክተው የራሱን ቤት ነው። ስለዚህ አንባቢው ካለበት መነቃነቅ የለበትም። ፒን ተደርጓል እንላለን፣ ተቸንክሯል።

ይሄ አንባቢ የሚኖረው ከሌሎች ዕቃዎች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ፊልድ ነው የምንላቸው። ጣጣው ግቢው ተቸነከረ ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ተቸነከረ ማለት አለመሆኑ ነው። ፕላስቲክ ወንበርህን ጎረቤት ለቅሶ ሲደርስበት አንስተህ ታውሳለህ። የውሃ ታንከርህን ግን ከነቧንቧው ነቅለህ አታውስም፤ የፈለገ እዚያው መጥቶ ይቅዳ። ቆጣሪው ፊልድ ወንበር ነው፣ አንሳው። አንባቢው ታንከር ነው፣ ባለበት ንካው። የቱ ወንበር የቱ ታንከር እንደሆነ አንዴ ትወስናለህ፣ ከዚያ በየትኛውም መስመር ላይ ቃልህን አትለውጥም። ያ ብቻ ነው ሕጉ።

ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዳችንን የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ እንደ ኬላ ፈታሽ ክፉ ነው፤ ምንም አያሳልፍም። አንዳንድ ቦታ ግን «ይቺን ለኔ ተዋት፣ በኔ ይሁንብህ» ትለዋለህ፣ ያልፋል። እንደዚያ ላለች መስመር የኛ ሱቅ ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ! ጸሐፊው ከመስመሯ በላይ ቃሉን በአማርኛ ይጽፋል፦ ይሄን ፊልድ ከቦታው አላነሳም። ሌላው አንብቦ፣ እንደ ቤት ሽያጭ ውል፣ ከሥሩ እማኝ ብሎ ስሙን ያሰፍራል። ያለ እማኝ ሳጥን ከሱቅ አይወጣም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አዳማ በሙቀት ስትፈላ፣ ገመቹ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው። ጠዋት ኦቦ ቱሉ በስልኬ ደውለው ነበር። በኔ ስልክ። «አካም ጂርታ ታምራት? በል ገመቹን ስጠኝ» ብለው ከኔ ጋር ያወሩት ያቺን ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስታቃጥለኝ ዋለች።

«ታሜ፣ ይቺን እያት» አለኝ። ጣቱን አስቀመጠባት። «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የምትሠራዋን። ደስ አላለችኝም፣ ግን ለምን እንደሆነ አላገኘሁትም።»

አየሁት። እኔ ነኝ ያየሁት፣ ሌላ ማንም አላየውም። ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ሳልጨርስ አየሁት። ሌላ ቦታ ሁሉ አንባቢውን ባለበት ነው የሚነካው፣ እንደ ታንከር። እዚህች መስመር ላይ ግን፣ መብራት ሲመለስ፣ የድሮውን አንባቢ ከቦታው አንስቶ «የመጨረሻ ንባብ» የሚል ቦታ ያስቀምጠውና በቤቱ አዲስ አንባቢ ያስገባል። እንደ ወንበር! መብራቱ ሴንሰሩ እያወራ፣ ንባቡን እየላከ፣ መሃል ላይ ከጠፋ፣ የድሮው ሰውዬ ጥቆማውን ይዞ ቤት ለቋል፣ ጥቆማው ግን አሁንም ሰማያዊውን በር ነው የሚያሳየው። ሳጥኑ «የመጨረሻው ንባብ ምን ነበር?» ሲል አዲሱ ተከራይ ይመልሳል። የመጣለትን ይመልሳል። ውሃ በሌለበት ውሃ አለ ሊል ይችላል።

ይሄን ሁሉ አየሁ። አይቼ ምን አልኩ?

«ንፁህ ነው ባክህ» አልኩት። «አንተ ደግሞ ጥላህን ትፈራለህ!»

ሳቀ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት፣ ቀለለው። «በቃ፣ አንተ ካየኸው አበቃ» አለኝ። እኔም በራሴ ጣት ጻፍኩ፦ እማኝ፣ ታምራት።

ምን ነካኝ? እውነት ምን ነካኝ? ያኔ ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ልንገራችሁ። ሳጥኑ ሙከራ ላይ ይወድቃል፣ ገመቹ ይደነግጣል፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ መጥቼ «እስቲ ልየው» እላለሁ፣ አገኝለታለሁ፣ ኦቦ ቱሉ ያያሉ። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፣ ቀልድም ነበረው።

ግን ሙከራውን ማን ያደረገው ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። እማኝ እኔ፣ ሞካሪም እኔ። ሶኬቱን ሴንሰሩ እያወራ ብነቅለው እንደሚወድቅ አውቃለሁ። እኔ ሴንሰሩ ዝም ሲል እየጠበቅኩ ነቀልኩት። አስር ጊዜ ነቀልኩ፣ አስሩንም ጊዜ ጠበቅኩ። «አለፈ!» አልኩት። ለምን? ሱቅ ውስጥ ቢወድቅ የሚያየው ማነው? ባቱ ሄዶ፣ ሰው ፊት ይውደቅ ብዬ ነዋ። በቃ፣ ወጣልኝ።

ሳጥኑ ባቱ ገባ፣ ሠራ። ኦቦ ቱሉ ኃላፊነቱን ለገመቹ ሰጡ። ያን ቀን ሐይቁ ዳር አሳ ጋበዙን። ለገመቹ ያጎርሱታል፣ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ!» እያሉ ያሞግሱታል። እኔ እሾህ እየለቀምኩ ቀልድ አወራ ነበር። ከኔ በላይ የሳቀ አልነበረም፣ ከኔ በላይ የቀናም አልነበረም። ያኔም መናገር እችል ነበር። አንድ መስመር ነው፣ ሳጥኑን ከፍቶ ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በየቀኑ መናገር እችል ነበር። በየቀኑ መብራት ሲጠፋ ሱቄ ውስጥ ልቤ ትዘላለች፤ ሲመለስ ስልኬን አያለሁ። እየፈራሁ ነበር ወይስ እየጠበቅኩ? እውነቱን ልናገር ከመጣሁ አይቀር፣ እየጠበቅኩ ነበር።

አንድ ቀን ከባቱ ስልክ ተደወለ። ቦዩ በአረም ተዘግቶ ጉድጓዱ ባዶ ሆኗል። መብራት ሴንሰሩ እያወራ ጠፋ፣ ተመለሰ። ሳጥኑ ውሃ አለ አለ። ፓምፑ ባዶውን ሲሽከረከር ውሎ ሞተሩ ተቃጠለ። ሌላ ሞተር እስኪመጣ የማህበሩ የሽንኩርት ችግኝ በዚያ ፀሐይ ደረቀ። እኔና ገመቹ ስንደርስ መደቡ ሁሉ ገለባ መስሎ ተኝቷል። ገበሬዎቹ አልተቆጡም። ብቻ ቆመው ያዩናል። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ገመቹ ኮዱን ከፈተ፣ ምንም አልታየውም። እኔ «እስቲ ልየው» አልኩ። አዎ፣ አልኩ። ያን ሁሉ ገለባ እያየሁ፣ ያዘጋጀሁትን ንግግር አወጣሁት። ቶሎ እንዳይመስል ትንሽ ቆየሁና መስመሯን አሳየሁ። ከላይዋ ስሜ አለ። ኦቦ ቱሉ አማርኛ ያነባሉ።

«እማኝ ታምራት ይላል» አሉ። «አንተ አይተኸው ነበር እንዴ?»

ማን የመለሰልኝ ይመስላችኋል?

«ኦቦ፣ እሱን ተዉት» አለ ገመቹ። «ታምራት አይቶት ቢሆን አያመልጠውም። እሱ ከፈረመ በኋላ እኔ ነካክቼው ነው የሚሆነው።»

ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት! ታምራት አይቶት ቢሆን አያመልጠውም። ከሱ አፍ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። እኔስ ምን አልኩ? አንገቴን ነቀነቅኩ፣ «ያጋጥማል» እንደሚል ሰው። ያን ጊዜ የዋሸሁት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን ቅናት አስዋሸኝ፣ ይሄን ምን አስዋሸኝ?

ኃላፊነቱ ለኔ ሆነ። ገመቹ የፈረምኩበትን ቀን ኮፒ እንዳለኝ ጠየቀኝ፣ የቱ ላይ እንደነካካው ሊያይ። «ጠፍቷል» አልኩት። አልጠፋም። ከዚያ ምንም ነገር በጻፈ ቁጥር አምስት ጊዜ ስድስት ጊዜ ያነበው ጀመር፣ ያጠፋዋል፣ እንደገና ይጽፋል፣ ያጠፋዋል። «እጄን አላመንኩትም» ብሎ አንድ ቀን ተነሳና ደራ ገባ። አሁን ወንድሙ ወፍጮ ቤት ነው። ሱቅ የሚመጣ ሰው «ገመቹ የለም?» ማለት አቁሟል። ደስ አላችሁ? እኔን አላለኝም።

በቅርቡ አሰላ ስሄድ ደራ ወርጄ አየሁት። ዱቄት በዱቄት ሆኖ አቀፈኝ፣ ምሳ አበላኝ። ቀለድኩ፣ ሳቀ። መሃል ላይ «ታሜ፣ ታውቃለህ? መቼ እንደነካካሁት እስካሁን አላስታውስም። ወፍጮው ጋ ቁጭ ብዬ አስባለሁ። እንዴት ሰው የሠራውን ይረሳል? የሆነ ነገር ጭንቅላቴን ነክቶኛል መሰለኝ» አለኝ። እኔ አፌ በሱ ምግብ ሞልቶ ነበር። ዋጥኩና «ተወው ባክህ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩት። ስንተኛ ውሸቴ እንደሆነ እናንተ ቁጠሩት።

ስህተቱን የጻፈው እሱ ነው እንዳትሉኝ። አዎ እሱ ነው። ሰው ይሳሳታል፣ እማኝ ያስፈለገውም ለዚያ ነው። ቅናት ክፉ በሽታ ነው ብላችሁም አታዝኑልኝ። በሽታ ሶኬት ለመንቀል ሴንሰሩ ዝም እስኪል አይጠብቅም። የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ገመቹ፣ ይሄን የሚነግርህ ሰው አይጠፋም። ስህተቱን ያኔ ስታሳየኝ አይቼዋለሁ። ከፈረምኩ በኋላ አንዲት ፊደል አልነካህም፤ የማታስታውሰው ስላልነበረ ነው። ጭንቅላትህ ጤነኛ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ፍለጋውን ግን አቁም።