በጩኸት የተጠየቀ ምክር

ዛሬ ወጣት ነፍሰ ጡሮች የጨነቃቸውን በስልክ ጽፈው፣ ማንም ሳይሰማቸው ምክር ሲያገኙ ሳይ የነቀምቱ ቴሌ ትዝ ይለኛል። ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው። ቤቴ ተከራይታ የምትማረው የአርጆዋ ጫልቱ ገና ተማሪ ሳለች አረገዘች፤ ደሟ ሲመረመርም ኤድስ ተገኘባት። ጎረቤቶቼ «በብርጭቆ ይጋባል፣ አስወጫት!» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔም እውነቱን ልጠይቅ ብዬ፣ ጫልቱን ይዤ አዲስ አበባ ነርስ ለሆነችው ለእህቴ ልጅ ልደውል ሄድኩ።

መስመሩ ደካማ ነበር። በሹክሹክታ ስጠይቃት፣ «አክስቴ፣ አይሰማም፤ ጩኺ!» ትለኛለች።

እመቤቴን ጠርቼ ጮኽኩ። «ኤድስ ያለባት ልጅ በጠጣችበት ብርጭቆ ብጠጣ ይይዘኛል ወይ?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጫልቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ሀርሜ፣ እናቴ፣ ገደልሽኝ!»

«አይይዝሽም!» አለች ነርሷ። «አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ጠጡ!»

«አይይዝም አለች!» ብዬ ለጫልቱም ጮኽኩላት።

ይሄኔ በሩ ላይ ጠመንጃ አንግቶ ሰውን ሲያመናጭቅ የነበረው አብዮት ጥበቃ ወደ እኛ መጣ። ሊያስወጣን ነው ብዬ የልጅቷን እጅ ያዝኩ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣

«እማማ፣ ስልኩን እንዳይዘጉት» አለኝ። «እናቴ ሰሃኔን ለይታብኛለች። ስለ ሰሃንም ይጠይቁልኝ።»