ዓሣ ፈላጊው ሳጥኔ

ባለፈው ቅዳሜ ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም ወዳለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። እሑድ እሑድ ወደ ቫል ወንዝ እየወረዱ ዓሣ የሚያጠምዱ ደንበኛዬ ናቸው። ፌስታሉን ስፈታው የእርጥብ ገመድ፣ የጭቃና የዓሣ ቅርፊት ሽታ አንድ ላይ ፊቴ ላይ ወጣ፤ ከውስጡ መዳፍ የምታህል ስክሪንና ከሽቦዋ ጫፍ የተንጠለጠለ፣ ብርጭቆ የሚያክል ጥቁር ነገር አለ። ሽማግሌው ምንነቱን ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ፣ «አውቀዋለሁ፣ ባባ፤ ወደ ውሃው ድምፅ ይልክና የተመለሰለትን ሰምቶ ዓሣው የት እንዳለ የሚያሳይ ነው» አልኳቸው። እየሳቁ ከየት እንዳወቅሁት ሲጠይቁኝ «ዩቲዩብ ላይ አይቼ» ብዬ ዋሸሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። የልጆች አባት ነኝ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ወጣቶችን የማስተምር ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር ግን ዛሬም እዋሻለሁ።

ያደግሁት ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ፣ ጓሮው እንሰት፣ ፊቱ አቧራማ መንገድ በሆነ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ የምናሸተው ሁሉ ሐይቅ ነበር፤ ደብተራችን ሳይቀር ዓሣ ዓሣ ይላል። በዚያ ዳርቻ ከሰው ሁሉ የሚከበሩት ጋሽ ዱካሞ ነበሩ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር መረብ ከመጣሉ በፊት እሳቸውን ከፊተኛዋ ጀልባ ላይ አስቀምጦ ይወጣል፤ እሳቸውም መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ይሰዱና የእጀታውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጎረቤት ሐሜት በግድግዳ በኩል እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ይቆያሉ። ከዚያ በአገጫቸው አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ መረቡም እዚያ ይጣላል። ባዶውን ሲወጣ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አጎቴ ከአሮጌ ዕቃ ጨረታ ከገዛቸው ብረታ ብረቶች መካከል፣ ሐይቁን ሲያጠኑ የነበሩ ሰዎች ጥለውት የሄዱት አንድ የተሰባበረ መሣሪያ ወጣ። እሱም ሽማግሌው እንዳመጡት ያለ ስክሪንና ጥቁር ነገር ነበረው፤ ምን እንደሚሠራ የፊዚክስ አስተማሪያችን አስረዳኝ። እኔ ደግሞ በሬዲዮ ጠጋኝነት በሰፈሩ ስም ነበረኝ፤ ሁለት ጠግኜ ሦስት አበላሽቼ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ካውያ በከሰል እያጋልኩ የተበጠሱትን ሽቦዎች ስበይድ ከረምኩ። ባትሪውን ከአጎቴ ሞተር ሳይክል ነቀልኩ። ሁሉንም በሳሙና ሳጥን ውስጥ ከትቼ ውሃ እንዳይገባው ስንጥቁን በሻማ ደፈንኩና በካላማዳሪ ጠቀለልኩት፤ ጥቁሩን ነገር ከረጅም ሸምበቆ ጫፍ አሰርኩት፤ በትከሻ እንዲነገትም የእናቴን የቦርሳ ማንገቻ ሰፋሁበት፤ ለዚያች ማንገቻ የተገረፍኩትን አልረሳውም።

ስክሪኑ የበራ ቀን ጮህኩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፣ ዓሣዎች! ችግሩ ሳጥኑ ያኔ የነበረው ጓሯችን ውስጥ፣ እንሰቱ ሥር መሆኑ ነው። በየትም ብወስደው ዓሣ ያያል፤ ምድጃው አጠገብ ዓሣ፣ አልጋዬ ላይ ዓሣ፣ አጎቴ ተኝቶ ሳለ ሆዱ ላይ ባስጠጋው እዚያም ዓሣ። ሐይቁ ውስጥ ስነክረው ደግሞ ነጥቦቹ ጭራሽ ይጠፋሉ። እንደማይሠራ ያን ጊዜ አውቄያለሁ። ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰምቷል፣ ሰፈሩ ሰምቷል፤ «ኢንጂነር ማቲዎስ» እየተባልኩ ዳቦ በነፃ እስከ መብላት ደርሻለሁና ዝም አልኩ።

ወሬው ጋሽ ዱካሞም ጋ ደርሶ ኖሮ አንድ ቅዳሜ ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ ጀልባቸው ላይ አሳፍረው ይዘውኝ ወጡ። መቅዘፊያውን ጆሮዬ ላይ አስደገፉኝ፤ የራሴን ልብ ምት እንጂ ሌላ አልሰማሁም፤ እሳቸው ግን «ቆይ፣ ይመጣል» እያሉ በትዕግሥት ይጠብቁኛል። ከዚያ ቄጠማው ወደሚበዛበት፣ ሰው ወደማይሄድበት ጥግ ቀዘፉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ መረብ አይጣልም» አሉኝ። «ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው እዚህ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ እስኪያድጉላት አትበላም። ይህን ቦታ የነካ ሐይቁን ነካ። አባቴ ለእኔ አሳየኝ፤ እኔ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ለአንተ አሳየሁ። ለማንም እንዳትናገር።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። የሰው አደራ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ሰሞን ዓሣ ጠፋ። ጋሽ ዱካሞ «ጊዜው አይደለም፣ ትንሽ እንታገሥ» ቢሉም የማኅበሩ ሊቀመንበር ትዕግሥቱ አለቀ። ቤታችን ድረስ መጥቶ አባቴን አስፈቀደና በማግሥቱ ጠዋት ሳጥኔን አንግቼ ጀልባው ላይ ወጣሁ። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል፤ የክፍሌ ልጆች ያፏጫሉ። ሸምበቆውን ውሃው ውስጥ ሰደድኩ፤ ስክሪኑ ጭው ያለ ባዶ ነው። አንድ ቦታ ሞከርን፣ ባዶ። ሁለተኛ ሞከርን፣ መረቡ ቄጠማና አሮጌ ጫማ ይዞ ወጣ። አጥማጆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዱም አፉን ይዞ ሲስቅ አየሁ።

«እህ፣ ኢንጂነር?» አለ ሊቀመንበሩ።

ያኔ ሳጥኑ አይሠራም ብል ኖሮ ለአንድ ሳምንት ይሳቅብኝ፣ ከዚያም ይረሳ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ፣ የሆነ ነገር እንዳነበበ ሰው ራሴን ነቀነቅሁና በጣቴ ወደዚያ ቄጠማ ጠቆምኩ። «በዚያ በኩል ብዙ ነጥብ ያሳያል» አልኩ።

መረቡን አራት ሰው ጎትቶ ማውጣት አቃተው። ዳርቻው በእልልታ ሲናጥ እኔን ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ነው ጋሽ ዱካሞን ያየኋቸው። ከዓሣው ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብለው አንዲት ቆሮሶ አነሡ፤ አፏን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ሲከፍቱት የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ግልገሎች መዳፋቸው ላይ ፈሰሱ። መዳፋቸውን ወደ ሐይቁ ወስደው ውሃው ውስጥ ነከሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ የቸኮለ ልጅ እንደሚያዩ ሆነው ነው ያዩኝ።

ሊቀመንበሩ በሰው ፊት፣ በቀልድ አስመስሎ፣ «ጋሽ ዱካሞ፣ እንግዲህ እርስዎ ይረፉ፤ ጆሮ በባትሪ መጥቷል» አላቸው። ሰው ሳቀ። እኔም፣ ትከሻ ላይ እንዳለሁ፣ ሳቅሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅ ነው።

እሳቸው «ጎበዝ ልጅ ነው» ብለው ብቻ ሄዱ።

ጀልባዎቹ ወር ሙሉ ወደዚያ ጥግ ተመላለሱ፤ ሳጥኑ ሲያስፈልግ እኔም ተጠርቼ የውሸት ስክሪን አነበብኩ። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቦታው ነጠፈ፤ እኔም «ባትሪው ተቃጠለ» ብዬ ሳጥኑን ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ሊቀመንበሩ ተመልሶ ጋሽ ዱካሞን ሊለምን ቢሄድ፣ «ጆሮዬ ደክሟል» አሉት። ከዚያ በኋላ ጀልባ ላይ አልወጡም፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው የሰው መረብ ይጠግኑ ነበር። ከትምህርት ቤት የሚያመጣኝ አጭሩ መንገድ በደጃቸው ያልፋል። ሦስት ዓመት በረጅሙ ዞርኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር ቆርጬ አጥራቸው ድረስ ሄጃለሁ። እሳቸው ከውስጥ ሲያስሉ ስሰማ ተመለስኩ። ከዚያ ትምህርቱ አለቀ፣ የደቡብ አፍሪካ መንገድ መጣ፣ ድንበሩ፣ ወረቀቱ፣ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ኪዮስክ፣ በኋላም የጥገና ሱቁ። የሩቅ አገር ሰው ሆንኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ለቅሶ ሐዋሳ ገብቼ ነበር። ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤ ያ ጥግ ቄጠማው ታጭዶ የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ሆኗል፤ ገበያው ላይ የሚሸጠው ቆሮሶ የእጄን ጣቶች አያክልም። ያገኘሁት ወጣት አጥማጅ ስለ ጋሽ ዱካሞ ስጠይቀው «የቱ ዱካሞ?» አለኝ። ሐይቅ የሚያዳምጥ ሰው እንደነበረ ስነግረው ተረት መሰለው።

ማታውን ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በምርኩዝ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጋሽ ዱካሞ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ወንበሬን አስጠግቼ፣ ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ዱካሞ እስኪሞት ድረስ አንተን ሲያነሣ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ሁሉ ቦታውን ዱካሞ ነው ያሳየው እያለ ሲጠረጥር፣ እሱ ‹እኔ ምንም አላሳየሁትም፣ ልጁ በገዛ እጁ ሥራ ነው ያገኘው› ይል ነበር። አንድ ቀን ስምህን በክፉ አላስነሣም።»

ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «እግዚአብሔር የእጅህን ሥራ ይባርክልህ» ብለው መረቁኝ።

ለቀስተኛው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።