ሦስት ቦታ የተቀመጠ ድምፅ

ከሪማ ደሴ ከተማ፣ ሙጋድ ሰፈር ውስጥ በተከራየችው ክፍል ብቻዋን ትሠራለች። ሥራዋ የሰዎችን ፋይል ማስቀመጥ ነው፤ እሷ ክፍል ውስጥ ግን አንድም ፋይል የለም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የጥበቃ ካሜራ ቅጂ ሲልክላት፣ ቅጂው ባሕር ተሻግሮ ክላውድ በሚባለው የሦስት የውጭ ድርጅቶች ማከማቻ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ሦስቱን እንደ አንድ መጋዘን የሚያስተዳድረውን ሥርዓት የሠራችው እሷ ናት።

አሠራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ በር አለ፤ ፋይል ይቀበላል፣ ትልቅ ከሆነም ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። ከበሩ ጀርባ ሦስት አገናኞች አሉ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ አሠራር ስላለው፣ አንዱ አገናኝ የሚያውቀው የአንዱን ድርጅት ወግ ብቻ ነው፤ ቁራጩን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። ነገ አንዱ ድርጅት ቢዘጋ አንድ አገናኝ ይቀየራል እንጂ ሌላው አይነካም። የሁሉም አንጎል ግን መዝገቡ ነው። የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተቀዳ፣ በስንተኛ ተራ እንደሚገጠም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። መዝገቡ ከሌለ በሦስቱም ቦታ ያለው ትርጉም የሌለው ብጥስጣሽ ነው።

ይህን በገነባችባቸው ሦስት ዓመታት አዘውትሮ የሚደውልላት አንድ ሰው ነበር፤ የፋብሪካው መዝገብ ቤት ኃላፊ ጋሽ ፀጋዬ። በአካል ተያይተው አያውቁም። አንድ ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ምሳ እንድትበላ፣ ሰው መሆኗንም በዓይናቸው እንዲያረጋግጡ እየጋበዙ ይቀልዱባታል። እሺ ትላለች፤ አትሄድም።

እናቷ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት በፊት ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ በስልኳ ቀድታቸው ነበር። ሃምሳ አንድ ደቂቃ ነው። በኋላ ስልኩ ተበላሸ፤ የቀረው ቅጂ ሥርዓቱ ውስጥ፣ ለሙከራ በከፈተችው ማኅደር ያስቀመጠችው ብቻ ሆነ። የስልኩ ሰዓት የተዛባ ስለነበር ቀኑን መዝገቡ ላይ በእጇ ጻፈች፤ ጥቅምት 2016።

ዘንድሮ ጋሽ ፀጋዬ ሰባት ዓመት ያለፈው ፋይል በራሱ እንዲጠፋላቸው ጠየቁ። ከሪማ ትእዛዙን ጻፈች። ለፋብሪካው ብቻ ማድረግ ሲገባት ለመጋዘኑ ሁሉ አደረገችው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለእሱ 2016 ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

የአረፋ ዕለት የግቢው ተከራዮች በሙሉ ወደየአገራቸው ሄደው ነበር። ከሪማ ከሶላት ተመልሳ የእናቷን ድምፅ ልትሰማ ብትከፍት መዝገቡ፣ "የለም" አላት። ከተሰረዘ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

አላለቀሰችም፤ በቅደም ተከተል ፈለገች። አንደኛው ድርጅት የተሰረዘን ነገር ሠላሳ ቀን፣ ሦስተኛው ዘጠና ቀን ያቆያል። ሁለተኛው ወዲያው ያጠፋል። ለዚህኛው ድርጅት ጻፈች፤ በጣም ትሑት በሆነ ደብዳቤ መመለስ እንደማይቻል ነገሯት።

ሁለቱን ቁራጮች አገኘች፤ ሥርዓቷ ግን አልከፍትም አለ። አንድ ቁራጭ የጎደለው ፋይል እንዳይከፈት ያደረገችው ራሷ ናት፤ ጎደሎ ፋይል ሰው ያሳስታል ብላ። የገዛ ግንቧን ለማለፍ ሁለት ቀን ፈጀባት። ደግነቱ ድምፁ መጠኑ እንዲያንስ ሳይጨመቅ የተቀመጠ ስለነበር እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይሰማል።

በመጀመሪያው እናቷ ስለ ቢስቲማ ገበያ፣ በአንድ ሰሞን ሽማግሌ ስለላኩባቸው ሁለት ወንዶች ያወራሉ። እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሦስተኛው የሚጀምረው፣ "ለዚህ ነው እንግዲህ አባትሽን እሺ ያልኩት" ብለው ነው። ከዚያ እናትና ልጅ አብረው ይስቃሉ።

በማግስቱ ቅጂውን በፍላሽ ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች። አንዱ ቅጂ ሰው ዘንድ መኖር አለበት ብላ ስታስብ፣ የመጣላት ሰው ጋሽ ፀጋዬ ብቻ ነበሩ። ፋብሪካው በር ላይ ጠበቋት፤ በድምፃቸው ከገመተቻቸው በጣም አጭር ናቸው።

"እንግዲህ ሰው ነሽ" አሏት።

ምሳ ቤት ተቀምጠው ጋሽ ፀጋዬ በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱንም ቁራጭ ሰሙ። ሲጨርሱ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

"አብሽሪ። ለመሆኑ አባትሽን ለምን ነበር እሺ ያሉት? አንቺ እኮ እዚያው ነበርሽ፤ ስትስቂም ሰማሁሽ።"

ከሪማ ልትመልስ ፈለገች። መሳቋን ታስታውሳለች። እናቷ ሲያወሩ እሷ የምታየው ስልኩን ነበር፤ መቅዳቱን እንዳያቆም። ይቀዳል ብላ ወሬውን በልቧ አልያዘችውም።

"አላውቅም፣ ጋሽ ፀጋዬ።"

ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና አስተናጋጇን ጠሩ።