ገበያ ወርደው ባንክ የከፈቱት ጎረቤቴ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ቶሮንቶ ውስጥ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ስኖር፣ ከፊት ለፊቴ ያለው በር የአንድ ጋናዊ አዛውንት ነበር። እሳቸው አገራቸው የባንክ ሰው ነበሩ፤ እኔም አዲስ አበባ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ቶሮንቶ ግን ሁለታችንንም ኢቶቢኮ የሚባል የከተማው ዳርቻ፣ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ከታን፣ ካርቶን ስናነሣ ወገባችን ሊቆረጥ። "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው አይሰሙኝም።

አውቶቡስ ላይ ወሬያቸው ባንክ ነው። አገራቸው መጀመሪያ የገቡት የእንግሊዝ ባንኮች ለኮኮዋ ላኪ እንጂ ለጉሊት ሴት ፊት አይሰጡም ነበር። የአገሬው ባንክ ሲቋቋም ታዲያ ጋሼን አንዲት የገበያ ከተማ ላካቸውና ቅርንጫፍ ከፈቱ። ማን ይምጣ! ሴቶቹ ገንዘባቸውን የለመዱት በየቀኑ ጉሊት ለጉሊት እየዞረ ለሚሰበስብላቸው ሰውዬ መስጠት ነው፤ የእኛን ዕቁብ ይመስላል። ጋሼ ከረባታቸውን አጥብቀው ሄዱና ጋበዟቸው። "ይቅርብን" ሲሏቸው ተመለሱ። አለቃቸው ሳቀባቸው።

"አንዴ የጠየቀ ጠየቀ ይባላል እንዴ? ሂድና ቁጭ ብለህ ለምናቸው።"

በርጩማ ይዘው ገበያው መሀል ተቀመጡ። ቲማቲም እየገዙ፣ የልጆቹን ጤና እየጠየቁ ከረሙ። በኋላ ቅርንጫፉ መቆሚያ ጠፋበት። ይህን ሲያወሩ የሚወርዱበት ፌርማታ ያመልጣቸው ነበር።

አንድ ቀን ሰፈራችን ያለው ባንክ ለመስኮት አንድ ሰው እንደሚፈልግ ሰማን። ሁለታችንም አመለከትን፣ በየተራም ኢንተርቪው ገባን። ሥራውን እንዴት እንደተመኘሁት! ጋሼም ቢሆኑ ከረባት ናፍቋቸዋል። እኔ ስገባ ማናጀሯ ወረቀቶቼን አገላብጣ ፈገግ አለች።

"ሥራው ያንተ ነው። ሰኞ ትጀምራለህ?"

እኔ ጉደኛው፣ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ እንደምለው፣ "ኧረ አይ፣ አይቸገሩ፣ ይቅር" አልኳት። ገና ሲጠሩት የሚንደረደር እኛ ቤት አሳዳጊ የበደለው ነዋ። እስክትለምነኝ ጠበቅኩ። እሷ አመስግና በሩን ከፈተችልኝ።

ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ስልኩ ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። መቼም ትለምነኛለች። ስልኩ ዝም እንዳለ በሩ ተንኳኳ፤ ጋሼ ናቸው።

"ማናጀሯ ኮል አድርጋልኝ ነበር" አሉ። "እምቢ ስላልካት ሥራውን ለእኔ ልትሰጠኝ ነው የደወለችው።"

ክው አልኩ። እንኳን ደስ ያለዎት ልል ስሞክር ዓይኔ ተመልሶ ስልኩ ላይ አረፈ። ጋሼ ትኩር ብለው አዩኝ።

"እኔ ቤት ስትመጣ እራት ብላ ብዬ ስንቴ ነው የምለምንህ?"

"ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ..."

"ሦስቴ። ከዚያ ድስቱን ትጠርጋለህ። ተነሥ!"

እጄን ይዘው እየጎተቱ ባንኩ ወሰዱኝና ማናጀሯ ፊት ገተሩኝ።

"ይሄ ልጅ የተጠየቀው አንዴ ብቻ ነው" አሏት። "በእነሱ አገር አንዴ አይቆጠርም። ሁለቴ ይጨምሩለት።"

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ሳቀች። "እሺ፣ ሥራውን ትፈልጋለህ?"

ምላሴ ይቆረጥ፣ "ኧረ እንዳላስቸግ..." ልል ስጀምር ጋሼ እግሬን ረገጡኝ።

"እፈልጋለሁ!" አልኩ። የባንኩ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ደስታዬ ሰክኖ ነገሩ የገባኝ ውጭ ስንወጣ ነው።

"ጋሼ፣ ሥራው እኮ የእርስዎ ሆኖ ነበር። ስትደውልልዎት ምን አሏት?"

"አልፈልግም አልኳት።"

"ስንቴ ጠየቀችዎት?"

"ፈረንጅ አይደለች? አንዴ።"

ሰኞ ጠዋት ከረባቴን አስሬ ወደ ባንኩ ስሄድ ጋሼ የኢቶቢኮን አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። ጠሩኝና የከረባቴን ቋጠሮ አስተካከሉልኝ።